ከባሕር ማዶ ለመጡ ደናግል እንግሊዝኛን ስለ ማስተማር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር



የዛሬው በዓል የትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ስለ ሆነ፣ ከእኔ በፊት የተናገሩት ሁሉ ትምህርት ቤቱ ያደረገልንን ቈጥረው አመስግነዋል። የተባለውን መድገም ጊዜያችሁን ማባከን ይሆንብኛል። እኔ ልናገር የመጣሁት ከዚህ ግቢ ከተቀበልነው ጥቂቱን ይዘን በበሩ ስንወጣ ምን ልናደርግበት እንደምንችል ነው። ይኸውም ከከተማችን ወጣ ብሎ በሚገኘው የሚስዮን ክሊኒክ ለሚያገለግሉት፣ ከባሕር ማዶ ለመጡት ካቶሊካውያት ደናግል እንግሊዝኛ ቋንቋን በበጎ ፈቃድ ማስተማር ነው። ይህን ሥራ ከዐሥረኛ ክፍል ክረምት ጀምሬ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። በሰኔ ግን ትምህርቴን ጨርሼ እሄዳለሁ። የሚተካኝ ካልተገኘ ክፍሉ ያለ አስተማሪ ይቀራል። ስለዚህ ንግግሬ ምስጋና ብቻ ሳይሆን ልመናም ያለበት መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ብዙ ሰው ስለዚህ ሥራ ሲሰማ በመጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ «ፈረንጅ ደግሞ እንግሊዝኛ ይማራል እንዴ?» ብሎ ነው። በአገራችን ነጭ ሆኖ የተወለደ ሁሉ እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከማስተምራቸው አምስት ደናግል ሁለቱ ጣልያናውያት፣ ሁለቱ ደግሞ ከእስፓኛ የመጡ ናቸው። አምስተኛዋ ፈረንጅም አይደሉም፤ ከኮንጎ የመጡ፣ ፈረንሳይኛና ሊንጋላ የሚናገሩ፣ መልካቸው እንደኛው የሆነ ናቸው። እኒህን ሲስተር በገበያ ሰው ሁሉ በአማርኛ ያነጋግራቸዋል፤ መልስ ሲያጣም «ኰርታ ነው» ብሎ የሚያማቸው አይታጣም። ለፈረንጆቹ አላዋቂነት ይቅርታ ይደረግላቸዋል፤ ለእርሳቸው ግን ማንም አያዝንላቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው። «የሚያክሙት ሕዝብ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ምን ይሠራላቸዋል?» የሚል ነው። ጠያቂው እውነት አለው፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን አንድ በሽተኛ ወደ ክሊኒኩ ሲመጣ የሚሆነውን ተመልከቱ። በሽተኛው ሕመሙን በአማርኛ ይናገራል። ነርሷ የሰማችውን በካርዱ ላይ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። የደሙ ምርመራ ውጤት በእንግሊዝኛ ይመጣል። የመድኀኒቱ ስምና መጠን፣ በካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኘውም የማስጠንቀቂያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ሕመሙ ከክሊኒኩ ዐቅም በላይ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሐኪሙም በዚያው ይመልሳል። በአገራችን የሕክምና ሞያ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ጽሑፉም ከዚያው ጋር ኖሯል። ስለዚህ በአገራቸው ሃያ ዓመት በነርስነት ያገለገሉ ሲስተር እዚህ ሲደርሱ በሽተኛውን ለመስማት አንድ ቋንቋ፣ ካርዱን ለማንበብ ሌላ ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለቱም የእናታቸው ቋንቋ አይደሉም። እጃቸው ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ አፋቸውና ዐይናቸው ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ከሀ ሁ ይጀምራሉ።

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። አሁን የማነሣቸው ዓመታት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1928 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር አንዲት የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ማለት ልክ በእኛ ዕድሜ ያለች ልጅ፣ ከተወለደችበት ከስኮፕዬ ከተማ ተነሥታ፣ እናቷን ተሰናብታ ወደ አየርላንድ ጕዞ ጀመረች። ስሟ ጎንጄ ቦያጂዩ ነበር፤ የምትናገረው አልባንኛ ነው። አሳቧ ግን በአየርላንድ ለመቅረት አልነበረም፤ በህንድ አገር በሚስዮን ለማገልገል ቈርጣ ነበር። በዚያን ዘመን ህንድ በእንግሊዝ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፣ የተቀበሏትም የሎሬቶ ደናግል የአየርላንድ ማኅበር ስለ ሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድማ እንግሊዝኛ መማር ነበረባት። በደብሊን አጠገብ በራትፋርናም በሚገኘው የማኅበሩ ገዳም ተቀምጣ ተማረች። የተማረችበትም ጊዜ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። በዲሴምበር 1 ቀን በመርከብ ተነሥታ በጃኑዋሪ 6 ቀን 1929 ዓ.ም. ካልካታ ገባች። በህንድ አገርም ቤንጋልኛ ተማረች፤ በቅድስት ማርያም ትምህርት ቤትም ለብዙ ዓመታት አስተማረች።

እኒህ ሰው ዓለም ማዘር ቴሬዛ ብሎ የሚያውቃቸው ናቸው። በ1950 ዓ.ም. የፍቅር ሚስዮናውያንን ማኅበር መሠረቱ። በ1973 ዓ.ም. ማኅበራቸው ወደ አገራችን ገባ፤ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ ያለውን ቤታቸውን ከእናንተ መካከል ያየው ብዙ ነው። በ1979 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት በተሰጣቸው ጊዜ በኦስሎ ያደረጉት ንግግር በእንግሊዝኛ ነበር። እኔን ግን ከኦስሎው አዳራሽ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የራትፋርናሙ ጠረጴዛ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከልጅቱ ፊት ተቀምጣ «ይህ እንዲህ ይባላል፤ ያ እንዲያ አይባልም» ስትል የነበረች አስተማሪ፣ ከፊቷ ያለችው ተማሪ ወደፊት ማን እንደምትሆን ልታውቅ አትችልም ነበር። ልታውቅ የምትችለው መርከቡ የሚነሣበትን ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን ሰዓት ሁሉ ተጠቀመችበት።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። በ1925 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ከጣልያን ወረራ በፊት ዋናው የትምህርት ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። ከነጻነት በኋላ በአገሩ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ገባ። በ1945 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤቱን እንዲመሩ ያመጧቸው ከካናዳ የኬቤክ ክፍል የሆኑ ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ የእነርሱም የእናት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ መጥተው በእንግሊዝኛ አስተማሩ ማለት ነው። ከመካከላቸውም ዶክተር ሉስየን ማት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጀመሪያ የመሩት ናቸው። ይህን የማነሣው «የእንግሊዝኛ አስተማሪ የግድ ለንደን የተወለደ መሆን አለበት» ለሚሉት ነው። ቋንቋውን ራሱ በድካም የተማረ ሰው እንቅፋቱ የት የት እንዳለ ያውቃል፤ የተወለደበት ሰው ግን እንቅፋቱን አይቶት አያውቅም።

አሁን ወደ ክፍላችን ልግባ። ክፍል ስላችሁ ጥቁር ሰሌዳና የተደረደረ ወንበር አይምሰላችሁ። ከመድኀኒት መጋዘኑ ጎን ያለች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ የሞላት ጠባብ ክፍል ናት። ትምህርቱ ቅዳሜ ከቀኑ በ9 ሰዓት ይጀምራል ይባላል፤ ምጥ የያዛት ሴት ከመጣች ግን አይጀምርም። ተማሪዎቼ ሌሊት በ11 ሰዓት ለጸሎት የሚነሡ ስለ ሆኑ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ከሁሉ ታላቋ ሲስተር በአንቀጽ ንባብ ላይ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሲያንቀላፉ ሌሎቹ በክርናቸው ይጐስሟቸዋል፤ እርሳቸውም ነቅተው፣ ሳይጠየቁ፣ «የስ፣ የስ» ይላሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር አስገረመኝ። አምስቱም «አባታችን ሆይ»ን በእንግሊዝኛ አሳምረው ያውቁታል፤ ሲያደርሱት የሰማ ሰው እንግሊዛውያት ናቸው ይላል። ነገር ግን ጨው አቀብዪኝ ብለው መጠየቅ አይችሉም ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በአገራችንም ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ ግእዝ ያውቃል አይባልም፤ በቃል መያዝና መናገር የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ከዕለቱ ሥራ የምንጀምር መሆናችንን ነገርኋቸው። መጽሐፋችንም ባዶ የመድኀኒት ካርቶንና በውስጡ ያለው ወረቀት፣ ያልተጻፈበት የበሽተኛ ካርድ፣ የገበያ ዕቃ ዝርዝር ሆነ። ጸሎቱን እነርሱው ያውቁበታል።

ስለ ድምፅ ብዙ የሚባል አለ፤ ጥቂቱን ልንገራችሁ። ጣልያንኛ ‹ሀ›ን አይናገርም። ስለዚህ ጣልያናዊቱ ሲስተር ርቧቸው «ሃንግሪ» ሊሉ ሲፈልጉ «አይ አም አንግሪ» ይላሉ፤ ይህም ተቈጥቻለሁ ማለት ነው። በፊታቸው ላይ ፈገግታ እያለ «ተቈጥቻለሁ» ሲሉ ወጥ ቤቷ ግራ ይገባት ነበር። የእስፓኛዎቹ ደግሞ በ‹ስ› ተጀምሮ ሌላ ተነባቢ የሚከተለውን ቃል ሁሉ በፊቱ ‹እ› ይጨምሩበታል፤ «እስኩል፣ እስፑን» ይላሉ። በዚህ ላይ ልስቅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኛስ «እስፖርት፣ እስታዲየም» እንል የለምን? የእስፓኛ ሰውና የአማራ አገር ሰው ሳይተዋወቁ በአንድ በር ገብተዋል። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ እጅግ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔም አነጋገር ‹እ› ስትሰማ አምስቱም ጣታቸውን ያነሣሉ። ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበትን ድምፅ ግን አማርኛም፣ ጣልያንኛም፣ ፈረንሳይኛም ስለሌላቸው በዚያ ላይ አብዛኞቻችን እኩል ደኸየን፤ መስታወት አምጥተን እየተያየን ተለማመድነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሰጠሁት ለቍጥር ነው። በእንግሊዝኛ ዐሥራ ሦስትና ሠላሳ፣ ዐሥራ አራትና አርባ፣ ዐሥራ አምስትና ኀምሳ ለጆሮ መንትያ ናቸው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የሚለዩት በመጨረሻዋ ‹ን› እና ድምፁ በሚከብድበት ስፍራ ብቻ ነው። ሕፃን በሚያለቅስበት፣ ሰው በሚጣደፍበት ክፍል ያቺ ‹ን› አትሰማም። 15 ሚሊግራም የታዘዘለት በሽተኛ 50 ቢሰጠው ምን ሊሆን እንደሚችል ለወላጆች ማስረዳት አያሻኝም። ስለዚህ ማንኛውም ቍጥር ከተነገረ በኋላ አኃዙ አንድ በአንድ እንዲደገም ተስማማን፤ «ፊፍቲን፤ ዋን፣ ፋይቭ» ይባላል። ይህን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ በሐኪሞችና በአውሮፕላን ነጂዎች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። አሁን በክሊኒኩ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም እንዲሁ ማለት ጀምረዋል።

ሰዓትም እንደዚሁ አለ። በካርዱ ላይ ክኒኑ ጧትና ማታ በ8 ሰዓት ይዋጥ ተብሎ ሲጻፍ፣ የኤውሮጳ ሰዓት ስለ ሆነ በእኛ አቈጣጠር ሁለት ሰዓት ነው። አዲስ የመጣ ሰው ቃሉን ብቻ አዙሮ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ቢነግር፣ እናትየው ሕፃኑን ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ቀስቅሳ ታውጠዋለች። እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ነጣጥሎ ማስተማር እንደማይበጅ የተረዳሁት ከዚህ ነው።

አንድ ደግሞ ከቃላት ወገን ልጨምር። ከእስፓኛ የመጡት ሲስተር በልምምድ ካርድ ላይ ጕንፋን የያዘውን ሕፃን «ኮንስቲፔይትድ» ብለው ጻፉት። በአገራቸው ቋንቋ «ኮንስቲፓዶ» ጕንፋን የያዘው ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሆዱ የደረቀ ማለት ነው። አፍንጫው ለታፈነ ልጅ የሆድ ማለስለሻ ይታዘዝለት ነበር! እንዲህ ያሉትን መልካቸው አንድ ሆኖ ትርጕማቸው የተለያየ ቃላት በደብተር ለብቻ እንመዘግባለን። ዝርዝሩ ዛሬ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ ግን ቋንቋው አይደለም፤ ያደግሁበት ጨዋነት ነው። እናቴን በዕድሜ የሚያህሉ፣ አንዳንዶቹም የሚበልጡ፣ ለእግዚአብሔር የተለዩ ሴቶች ተሳስተዋል ብሎ መናገር ለእኛ አገር ልጅ ቀላል አይደለም። በአማርኛ ለታላቅ «ተሳስተዋል» ሲባል ጆሮ ያሳክካል። እንግሊዝኛ ግን አንቺና እርስዎ የሚል ልዩነት የለውም፤ ለንጉሥም ለእረኛም «ዩ» ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ነውር መስሎ ተሰማኝ። ኋላ ግን ያገኘሁት ዘዴ፣ ስሕተቱን ሳልጠራ የተናገሩትን ዐረፍተ ነገር አቃንቼ እንደ ጥያቄ መመለስ ነው። «የስተርደይ አይ ጎ» ሲሉኝ «ኦ፣ የስተርደይ ዩ ዌንት?» እላለሁ። እርሳቸውም «የስ፣ አይ ዌንት» ይላሉ፤ ማንም አላፈረም፤ ግሡም ተቃና። ታላቋ ሲስተር አንድ ቀን በዚህ ተሰላችተው በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ስሕተት ሲሆን ስሕተት በዪኝ፤ እኔ ለመማር ነው የመጣሁ» አሉኝ። ለእርሳቸው ብቻ «ስሕተት» እላለሁ። ለቀሩት ግን የቀድሞው ዘዴ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከእኔ በፊት አስተማሪ አልነበረም ማለት አይደለም። በየጊዜው ከባሕር ማዶ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ነበር፤ ሦስት ሳምንት፣ ሲበዛ አራት ሳምንት ይቀመጣሉ። ልባቸው መልካም ነው፤ እንግሊዝኛቸው ከእኔ ጋር አይወዳደርም፤ ያመጧቸው ባለ ሥዕል መጻሕፍትም ያምራሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ የመጣ ሰው ካለፈው የተማሩትን የሚነግረው ስለሌለ «ማይ ኔም ኢዝ» ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከደናግሉ አንዷ ስማቸውን በእንግሊዝኛ መናገር አራት ጊዜ ተምረዋል፤ ያለፈ ጊዜ ግሥ ግን አንድ ጊዜም አልደረሰላቸውም ነበር። እኔ እንደማየው ለዚህ ሥራ ከአነጋገር ውበት ይልቅ የሚፈለገው በሚመጣው ቅዳሜም መገኘት ነው። ይህን ደግሞ ከውቅያኖስ ማዶ ከሚመጣው እንግዳ ይልቅ በእግሩ ግማሽ ሰዓት ተጕዞ የሚደርሰው የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ቀድሞ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ፤ «አማርኛ አይቀድምም ወይ?» ወደሚለው። ይቀድማል። በአገራችን አቡነ ማስያስ እየተባሉ የሚጠሩት ካፑሲናዊው ጉልየልሞ ማሳያ በ1846 ዓ.ም. ምጽዋ ደርሰው ብዙ ዓመታት በኦሮሞ አገር ሲያገለግሉ አስቀድመው የያዙት የሕዝቡን ቋንቋ ነው፤ በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍም ከእርሳቸው በኋላ የሚመጡት ሚስዮናውያን አማርኛንና ኦሮምኛን እንዲማሩበት የተዘጋጀ ነው። የቫቲካን ሁለተኛው ጉባኤም በ1965 ዓ.ም. ስለ ሚስዮን ባወጣው ድንጋጌ ወደ ሌላ ሕዝብ የሚላክ ሰው ቋንቋውን አጥርቶ እንዲያውቅ አዟል። ደናግሉ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ በሳምንት ሦስት ቀን የአማርኛ አስተማሪ አላቸው። እኔም ከአንድ ሰዓት ተኩሉ ትምህርታችን የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ለሁለቱ ቋንቋዎች አብሬ ሰጥቼዋለሁ። አንዷ በሽተኛ ሆና በአማርኛ ሕመሟን ትናገራለች፤ ሁለተኛዋ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ ሦስተኛዋ የተጻፈውን አንብባ ለ«በሽተኛዋ» በአማርኛ ትመልስላታለች። ራስ ምታት ተብሎ የተጀመረው አንዳንድ ጊዜ የእግር ስብራት ሆኖ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ስሕተቱ በማን ዘንድ እንደ ገባ ወደ ኋላ ሄደን እንፈልገዋለን። ከትምህርታችን ሁሉ የሚወዱት ይህን ነው፤ ያን ጊዜ የሚያንቀላፋ የለም።

የወላጆች ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ እናቴም ጠይቃኛለች። «ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ገና ተማሪ አይደለሽም? ፈተናው ደረሰ እኮ» ብላኛለች። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር የ2014 ዓ.ም.ን የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን እዚህ ያለ ወላጅ ሁሉ ያስታውሳል። እንግዲህ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ለማስተማር፣ አንድ ሰዓት ለመዘጋጀት፣ አንድ ሰዓት ለመንገድ ይሄዳል፤ ይህም ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ የሒሳብ ጥያቄ ይሠራል። ማስተማር ለራስ ትምህርት ይረዳል ብዬ ልሸነግላችሁ አልፈልግም፤ ለእንግሊዝኛዬ ረድቶኛል፤ «ለምን እንዲህ ይባላል?» ተብዬ ስጠየቅ እስከ ሌሊት የሰዋስው መጽሐፍ አገላብጬ ያወቅሁት በክፍል ከተማርሁት ይበልጣል። ለፊዚክስ ግን ምንም አልረዳኝም። ስለዚህ አሳቤ እንዲህ ነው። ይህን ሥራ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አይጀምረው፤ የዐሥረኛና የዐሥራ አንደኛ ክፍል ይጀምረው። አንድ ሰውም ብቻውን አይያዘው፤ ሁለት ሆነው ቅዳሜን እየተፈራረቁ ቢይዙት ለእያንዳንዱ በወር ሁለት ቀን ብቻ ይደርሰዋል። እኔ ብቻዬን የያዝሁት ጓደኛ ስላጣሁ ነው።

ለጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር። ከደናግሉ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለመሄድ የሚፈልግ ካለ፣ በበዓል ቀን ቢመጣ ይነሣል፤ ማንም አይከለክለውም። ለቅዳሜው ጠረጴዛ ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ዝናብ ሲዘንብ የሚመጣ፣ ትምህርቱ በምጥ ምክንያት ሲቀር ሳይቈጣ የሚመለስ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም የሚገኝ ሰው ይሁን። የክፍሉ የመጀመሪያ መሆን አያስፈልገውም። እንግሊዝኛን ሲማር የተቸገረ ቢሆን እንዲያውም እመርጣለሁ።

ሃይማኖትን በሚመለከት የጠየቁኝ ወላጆች አሉ። ከተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ኦርቶዶክሳውያን፣ ሌሎቹ እስላሞችና ፕሮቴስታንቶች እንደ ሆኑ አውቃለሁ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓመት ስቀመጥ ማንም ሃይማኖትሽን ለውጪ ያለኝ የለም፤ እኔም የማስተምራቸው ግሥና ቍጥር ነው። በጾማችን ቀን ሻዩን ያለ ወተት እንደሚያቀርቡልኝ ግን ልነግራችሁ እወዳለሁ።

እንግዲህ የቀረኝ ስለ አሠራሩ መናገር ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተማርነው ሁሉ በየቀኑ የተጻፈበት አንድ ወፍራም ደብተር አለ። ማን ምን እንዳስቸገራት፣ የትኛው ትምህርት ሁለት ጊዜ እንደ ተደገመ፣ የትኛው ገና እንዳልተነካ ይገልጻል። የሚተካኝ ሰው ከ«ማይ ኔም ኢዝ» እንዳይጀምር የጻፍሁት ነው። ሁለቱ ጣልያናውያት ሲስተሮች ካርድ ማንበብ ችለዋል፤ ደብዳቤ መጻፍ ይቀራቸዋል። ከእስፓኛ የመጡት ታናሿ ሁሉን ጨርሰዋል ማለት ይቻላል፤ በዚህ ዓመት ወደ ሌላ ክሊኒክ ይዛወራሉ። ታላቋ ሲስተር ከወደፊት ጊዜ ግሥ ጋር ይጣላሉ። የኮንጎዪቱ ከሁሉ በኋላ ስለመጡ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስፈልጋቸው እርሳቸው ናቸው፤ ያለፈውን ጊዜ ግሥ ካቻምና ሳይሆን ባለፈው ወር ነው የጀመሩት።

ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ። የሚፈቅዱ፣ ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረው፣ ከዚህ በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ በምሳ ዕረፍት በቤተ መጻሕፍቱ በር ይጠብቁኝ። እስከ ሰኔ ድረስ ያሉትን ቅዳሜዎች አብረን እንሄዳለን፤ መጀመሪያ ተቀምጠው ያያሉ፤ ቀጥሎ ግማሹን ያስተምራሉ፤ በመጨረሻ እኔ ተቀምጬ አያለሁ። የሚመጣው ቅዳሜ ትምህርት በደብተሩ ገጽ 94 ላይ ተጽፏል፤ ርእሱ «ትናንት ማታ የት አመመህ?» የሚል ነው። መስታወቱን ይዞ መምጣት እንዳይረሳ።